በየወሩ የሚያብጠው ቡችላ

ሥራ በጀመርኩበት ዕለት አንዲት በቅሎ ረገጠችኝ። ይህን ለልጆቼ ሳወራ በቅሎዋ ከኮልፌ ገበያ አንሥታ አስኮ መንገድ ላይ ነው የምታሳርፈኝ። ባለቤቴ በምትሰማበት ጊዜ ርቀቱ ወደ አራት እርምጃ ይወርዳል። እናንተ የሙያ ባልደረቦቼ ናችሁና እውነቱን ልንገራችሁ፤ አምስት እርምጃ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ጊዜ ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። የከብት ሕክምና ጣቢያችን ከገበያው ወረድ ብሎ የሚገኝ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤትና በባሕር ዛፍ አጣና የታጠረ ግቢ ነበር። ከሁሉ በላይ ዶክተር ሰይፉ አሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ዋናው ረዳት ጋሼ ቱሉ። ከጋሼ ቱሉ ቀጥሎ እኔ፣ ተራ ረዳት ደምሴ። ከእኔ በታች በቅሎዋ ነበረች፤ በመጀመሪያው ቀን ግን እሷ ይህን ተዋረድ አልተቀበለችውም።

ጋሼ ቱሉ ጫፉ ላይ የገመድ ቀለበት ባለው ዱላ የበቅሎዋን የላይ ከንፈር ጠምዝዘው ይዘዋል። በቅሎ እንዲህ ሲይዟት ሐሳቧ ሁሉ ከንፈሯ ላይ ስለሚሆን ትረጋለች። «ከኋላዋ አትቁም» አሉኝ። በረዳትነት ኮርሱ ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጣሁ ሰው ስለነበርኩ ከኋላዋ ቆምኩ።

ከጭቃው ቀና ስል ጸጉራቸው የሸበተ አንድ ሰው፣ የቃጫ ገመድ ጥቅል ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ፣ ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል። የሚያዩት ግን እኔን ሳይሆን በቅሎዋ የታሰረችበትን ገመድ ነው።

«አልተበጠሰም» አሉ። «የኔ ገመድ ነው።»

«እኔስ አባባ?» አልኳቸው፣ ጎኔን ይዤ።

«አንተን እኔ አልሠራሁህም።»

ከአባባ ወልዴ ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ነው። ከደቡብ ምዕራብ በኩል በልጅነታቸው መጥተው ኮልፌ ገበያ ገመድ ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው። ጣቢያችን ውስጥ የታሰረ በሬ፣ ፈረስና አህያ ሁሉ በእሳቸው ገመድ ነበር የሚታሰረው። በየሳምንቱ እየመጡ ገመዶቹን በእጃቸው እየዳሰሱ ያያሉ። እግረ መንገዳቸውንም እኔ በዚያ ሳምንት በማን እንደተረገጥኩ ይጠይቃሉ።

ሥራው ለሦስት ሰው ይበዛ ነበር። ጠዋት መርፌዎቹን በድስት እንቀቅላለን። መርፌዎቹ በውፍረታቸው፣ ትንሽ ላጋንንና፣ ጣራ ይደግፋሉ። ከዚያ ጋሪ የሚጎትቱ ፈረሶች ይመጣሉ፤ ጀርባቸው የተላጠ፣ ሰኮናቸው የተሰነጠቀ። ከቡራዩ በኩል የሚነዱ በሬዎች ይመጣሉ። ውሻ ግን በዓመት ጥቂት ቢመጣ ነው፤ እሱም ሰው ነክሶ። ታመመ ተብሎ በእቅፍ የመጣ ውሻ ያየሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ያመጡት አባባ ወልዴ ናቸው።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ባለቤታቸው እማማ ዘርፌ ዐርፈው ነበር። ቀብራቸው ላይ ጣቢያችን በሙሉ ሄዷል፤ በሙሉ ስል ሦስታችን ማለቴ ነው። እማማ ዘርፌ ከማረፋቸው ጥቂት ሳምንት ቀደም ብለው ከገበያ አንድ ቡኒ ቡችላ በነጠላቸው ጠቅልለው አምጥተው ነበር። አባባ፣ «ገመድ ነው እንጂ ውሻ አልፈልግም» ብለው ተከራክረዋል። እማማ ታመው ተኝተው በነበሩበት ጊዜ ቡችላው ከእግራቸው ሥር፣ ጋቢያቸው ላይ ይተኛ ነበር። ከቀብር መልስም እዚያው ጋቢ ላይ ሄዶ ተኛ። አባባም ዝም አሉት። ስሙን መቻል አሉት።

በጥቅምት ሃያ ስምንት፣ በመድኃኔዓለም ማግስት፣ አባባ ወልዴ መቻልን ካፖርታቸው ውስጥ ወሽቀው መጡ። ጠረጴዛው ላይ ሲያወጡት ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ጠፋ። ሆዱ ላይ፣ ብብቱ ሥር፣ ጸጉር በሳሳበት ቦታ ሁሉ ባቄላ ባቄላ የሚያካክል እብጠት ወጥቶበታል። የጆሮው ጠርዝ ቀልቷል። በኋላ እግሩ ሆዱን እያከከ ይወድቃል፤ ይነሣና ደግሞ ያካል።

«ትናንት ደህና ነበር?» አልኩ።

«ትናንት ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ምን በላ?»

«እኔ የበላሁትን።»

«እርስዎ አላበጡም።»

«እኔማ ምን ቀረኝ የሚያብጥ» አሉ፣ የቡችላውን ጆሮ በአውራ ጣታቸው እያሻሹ።

ዶክተር ሰይፉ በዚያ ቀን መስክ ላይ ነበሩ። እኔም ብቻዬን ሐኪም ሆንኩ። እከክ ነው ብዬ ወሰንኩ፤ የድኝ ቅባት አዘዝኩ። የድኝ ቅባት ሽታው፣ ሳላጋንን፣ ከቀራንዮ ተራራ ላይ ይሰማል። በአምስተኛው ቀን አባባ መጥተው፣ «ጠፋለት» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የነበርኩትን ሰው ዛሬ ባገኘው ሰላም አልለውም። ገበያውን ሁሉ በቅባቴ አስጨነቅኩት። አንድ መላጣ ሥጋ ሻጭ ጸጉር ያበቅል እንደሆን ብሎ ጠየቀኝ፤ ቀባሁት። ጸጉር አልበቀለም። ግን ለአንድ ወር ያህል ሥጋው ላይ ዝንብ አላረፈም፤ ደንበኛም አላረፈም።

በኅዳር ሃያ ስምንት መቻል እንደገና መጣ። አሁን አንድ ዓይኑም አብጧል። ከንፈሩ በአንድ በኩል ተንጠልጥሎ፣ የታመመ ጥርስ ያለው ሽማግሌ መስሏል። ጅራቱን ግን ሲያየኝ ቆላው። ይህ ነበር ልቤን የበላኝ፤ ሐኪሙ እኔ መሆኔን አላወቀም።

ዶክተር ሰይፉ በዚህ ቀን ነበሩ። ጥቂት የሚናገሩ፣ ሲናገሩም መነጽራቸውን የሚያወልቁ ሰው ናቸው። የቡችላውን ቆዳ በምላጭ ጀርባ ፋቁ፣ የተፋቀውን መስታወት ላይ አድርገው በማይክሮስኮፕ አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«እከክ ብለሃል መዝገቡ ላይ» አሉኝ።

«አዎ ዶክተር።»

«የእከክ ተባይ የለም።»

«በቅባቱ አልቆ ይሆናላ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ደምሴ፣ የማታውቀውን አላውቅም ብለህ ጻፍ። መዝገቡ አይቆጣህም።» ከዚያ ወደ አባባ ዞረው፣ «ቆዳው የሆነ ነገር አልተስማማውም። ምን እንደሆነ ገና አላወቅንም» አሉ።

እንዲህ ብለው በሬ ሊያዩ ወጡ። እኔ ግን ባዶ እጄን ሰው መሸኘት አልወድም። አንድ ነገር ማዘዝ ነበረብኝ። አባባን ከበሩ ላይ አስቁሜ በሙሉ ልብ እንዲህ አልኳቸው። «ንጽሕና ነው አባባ። የሚተኛበትን ጨርቅ በደንብ ይጠቡለት። አልፎ አልፎ አይበቃም፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ።»

«ሁለት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«እሺ ሐኪም» አሉ። ሐኪም ብለው ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነበር። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ቆየ።

በታኅሣሥ አጋማሽ መጀመሪያ የመጡት አባባ ወልዴ አይደሉም፤ እትዬ የሺ ናቸው። የአባባ ቤት አከራይ ናቸው። በአንድ ግቢ፣ ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ። ቀጥ ብለው ዶክተሩ ክፍል ገቡ፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ።

«ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም ዶክተር» አሉ። «ዘርፌን ያስታመምኩ እኔ ነኝ። ግን ውሻው ቀን ከቀን እየባሰበት ነው። ልጆቼ አቅፈውት ነው የሚውሉት። ትንሿ ትናንት ክንዷን ስታክ አየኋት። አባባን ውሻውን ያርቁት ብላቸው ሰማሁ አይሉ፣ አልሰማሁ አይሉ። ወይ እናንተ አንድ ነገር አድርጉ፣ ወይ ቤቱን እንዲለቁ ልነግራቸው ነው። በዚህ ዕድሜያቸው የት ሊሄዱ? እኔስ እንዴት ብዬ ልናገር?»

ዶክተር ሰይፉ አባባን አስጠሩ። መቻል ሲመጣ ጋሼ ቱሉ እንኳ፣ በአንድ እጃቸው ኮርማ የሚጥሉት ሰውዬ፣ ፊታቸውን አዞሩ። እብጠቱ እርስ በርሱ ተያይዟል። ሁለቱም ዓይኖች ተደፍነዋል። አክኮ አክኮ ሆዱ ደምቷል። ሲተነፍስ ከጉሮሮው ፉጨት ይሰማል። ጅራቱ ግን ድምፄን ሲሰማ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መታ።

ክትባት አልስማማ ላለው ፈረስ የምንሰጠው መርፌ ነበረን። ዶክተር ሰይፉ የፈረሱን ልክ ለቡችላው በእርሳስ አካፍለው፣ በትንሿ ስሪንጅ ጠብታ የምታህል ሳቡ። እኔ ያዝኩት፤ እሳቸው ወጉት። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ፉጨቱ ቀነሰ።

«ይህ ለዛሬ ነው» አሉ ዶክተሩ ለአባባ። «መርፌው የቀሩን ሦስት ናቸው። መነሻውን ካላገኘን እየተሠቃየ ነው የሚሞተው። እስከ ገና ዋዜማ እንጠብቅ። ካልተሻለው ግን በመርፌ እናሳርፈው።»

አባባ ቡችላውን ካፖርታቸው ውስጥ መልሰው ቆለፉበት። «ማን ነው የሚወጋው?» አሉ።

ዶክተሩ ወደ እኔ ተመለከቱ። የጣቢያው ደንብ ነው፤ እንዲህ ያለው መርፌ የተራ ረዳት ሥራ ነበር።

«ደምሴ ከሆነ ደህና» አሉ አባባ። «ያውቀዋል።»

እናንተ እንግዲህ ብዙ እንስሳ አሳርፋችኋል፤ እኔም አሳርፌያለሁ። ግን በዚያ ሳምንት የበላሁት እህል ስሙ ምን እንደነበር አላውቅም።

መዝገቡን አወጣሁት። አምስት ዓምድ አለው፤ ቀን፣ የባለቤት ስም፣ የእንስሳው ዓይነት፣ ምልክት፣ የተሰጠ መድኃኒት። የመቻልን መስመሮች እየፈለግኩ በጣቴ ወረድኩ። ጥቅምት ሃያ ስምንት። ኅዳር ሃያ ስምንት። ጋሼ ቱሉ ከትከሻዬ በላይ አጮልቀው አዩት።

«ሃያ ሰባት ምንድን ነው?» አሉ።

«መድኃኔዓለም።»

«ውሻው ማኅበርተኛ ነው?»

ሳቅን፤ ግን ሳቁ ግማሽ ላይ ቆመ። በየወሩ በሃያ ሰባት አባባ ቤት የሚሆን ነገር አለ ማለት ነው። እኔም አንድ ሐሳብ አፈለቅኩ፤ ሐሳብ አፍልቄ አላውቅም እንዳትሉኝ። ከማኅበሩ የተረፈ ወጥ እያመጡ ያበሉታል፣ በርበሬው ነው ያሳበጠው አልኩ። ይህን ይዤ በታኅሣሥ ሃያ ስድስት ጠዋት፣ ገና ዋዜማ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አባባ ቤት ሄድኩ።

ገና ከበሩ ሳልገባ አነጠስኩ። ስድስት ጊዜ አነጠስኩ፤ ለልጆቼ ሃያ ነው የምላቸው። አባባ ወልዴ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የደረቀ የእንዶድ ፍሬ በሙቀጫ እየወቀጡ ነበር። ከጎናቸው ሳፋ ውስጥ አንድ ጋቢ ተዘፍዝፏል። መቻል ከመኝታ ሣጥኑ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ፣ ባልተደፈነችው ዓይኑ ሙቀጫውን ያያል።

«ምን እየሠሩ ነው አባባ?»

«ያዘዝከኝን።»

«የማን ጋቢ ነው?»

«የዘርፌ። ክሩን ራሷ ናት የፈተለችው።» መውቀጡን ሳያቆሙ ነገሩኝ። እማማ ዘርፌ በየወሩ በሃያ ስድስት ጋቢያቸውን በእንዶድ ያጥቡ ነበር፤ ለመድኃኔዓለም ነጭ ሆነው እንዲሄዱ። ሳሙና ክሩን ያጠቁረዋል ብለው አይነኩትም። እሳቸው ካረፉም በኋላ አባባ ያንን ቀን አላስታጎሉም። ጋቢውን የሚለብሰው የለም፤ ግን በሃያ ስድስት ይታጠባል፤ በሃያ ሰባት ጠዋት ሲደርቅ መቻል ሣጥን ውስጥ ይነጠፋል። እኔ ንጽሕና ካልኩ ወዲህ ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ።

የበርበሬ ሐሳቤን ዋጥኩት።

«እማማ እያሉም በዚህ ጋቢ ላይ ይተኛ ነበር አይደል? ያኔ አላበጠም?»

«አንድም ቀን።»

እንግዲህ እንዶዱ ያው፣ ጋቢው ያው፣ ውሻው ያው። ምን ተለወጠ? አባባ ጋቢውን አሽተው ሁለት ጊዜ አለቀለቁት። ውሃው ከቦኖ በእንስራ የመጣ ነው፤ ብዙ አይደፋም። ከዚያ ጋቢውን ከነውሃው አንሥተው፣ እየተንጠባጠበ ወደ ገመዱ ወሰዱት።

«አይጠመዝዙትም?» አልኩ።

ቆሙ። ውሃው ጫማቸው ላይ ይፈስሳል።

«ጋቢ ለሁለት ነው የሚጠመዘዘው» አሉ። «እሷ አንዱን ጫፍ፣ እኔ አንዱን።»

ሃምሳ ዓመት ገመድ የገመዱ ሰው ናቸው። «ከምሰሶ ጋር አስረው ብቻዎን ቢያደርጉትስ፤ እንደ ገመዱ» አልኩ፣ ብልህ ለመምሰል።

«ገመድ ቃጫ ነው፤ ይችላል። ይሄ ሳስቷል፤ ከእንጨት ጋር ቢታገል ይቀደዳል። ሰው ይላላል፣ ይጠብቃል፣ ያውቃል።»

እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰበሰብኩ። «በሉ አንዱን ጫፍ ይስጡኝ» አልኳቸው።

ጠመዘዝን። ታጥቦ፣ ሁለት ጊዜ ተለቅልቆ ካለቀ ጋቢ ውስጥ አረፋ ወጣ። ጠመዘዝን፤ እንደገና አረፋ። እንደ ጠላ እየፈላ፣ በክንዴ ላይ እየወረደ መሬት ላይ ተጠራቀመ። የሦስት ወር እንዶድ ከክሩ ውስጥ አልወጣም ነበር ለካ፤ የመጨረሻው አንድ ወር ደግሞ በእኔ ትእዛዝ የተጨመረ። ያ ቡችላ በዚያ ላይ ይተኛል፤ ሲሞቀው ያልበዋል፣ ይልሰዋል፣ ሆዱን ያሽበታል። የእትዬ የሺም ልጆች ከነጋቢው ነው የሚያቅፉት።

«አባባ» አልኩ። «በሳምንት ሁለት ጊዜ ይታጠብ ያልኩት እኔ ነኝ። ያባስኩት እኔ ነኝ።»

ጫፋቸውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። የሚሉኝን ሁሉ ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ከበቅሎዋም የባሰ ይገባኝ ነበር።

«አንተ እጠብ አልከኝ፣ እኔ አጠብኩ» አሉ። «ሁለታችንም ስለወደድነው ነው። በል አትላላ፤ ወደ ግራ ጠምዝዝ።»

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሁለቱም ክንዶቼ እስከ ክርኔ ባቄላ ባቄላ የሚያካክል እብጠት ወጣባቸው። እጅጌዬን ሳላወርድ፣ መቻልን በካርቶን ይዤ፣ አባባን አስከትዬ፣ ወደ ጣቢያው ሮጥኩ። ዶክተር ሰይፉ መጀመሪያ የቡችላውን ሆድ፣ ቀጥሎ የእኔን ክንድ፣ ደግሞ የቡችላውን ሆድ አዩ።

«አንተንም አብረን እንውጋህ?» አሉ።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የራሴን ትእዛዝ ጭምር። አልተቆጡም። ግን በአንድ ክንድ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። ሁለት የፋሻ ቁራጭ ቆርጠው፣ አንዱን በእንዶድ ውሃ፣ አንዱን በንጹሕ ውሃ ነክረው፣ በመቻል ሁለት ጭኖች ላይ ሊያስሩ ሲሉ አባባ ወልዴ ጠረጴዛውንና ቡችላውን በካፖርታቸው ከለሉ።

«እሱ በቅቶታል» አሉ። «እኔን እሰሩኝ።»

ታሰሩ። እኔም አንገቴ ላይ ታሰርኩ፣ ክንዴ ቦታ ስላልነበረው። ጋሼ ቱሉም ለማኅበርተኝነት ታሰሩ። በማግስቱ የጋሼ ቱሉ ክንድ ቀላ እንጂ አላበጠም። የአባባ ክንድ ጭራሽ አላወቀውም፤ ያ ክንድ በቃጫ ተሞርዶ የበሬ ቆዳ ሆኗል። የእኔ አንገት ግን በእንዶዱ በኩል የዶሮ እንቁላል አከለ። ግማሽ እንቁላል በሉት። ከጣቢያው ሁሉ የመቻል ቆዳ ያለኝ እኔ ነበርኩ።

መቻል እነዚያን ሁለት ቀናት ከእኛ ዘንድ ገለባ ላይ ተኛ። በንጹሕ ውሃ ብቻ አጠብነው፤ አንድ መርፌም ጨመርንለት። በሃያ ሰባት ቀን ሁለቱን ዓይኖቹን ከፈተ። በሃያ ስምንት፣ በዋዜማው፣ ቁርጡ ቀን ሲደርስ፣ እትዬ የሺና አባባ ወልዴ ሳይነጋገሩ አብረው መጡ። እኔ ያንን መርፌ ቀቅዬ አዘጋጅቼው ነበር፤ ደንብ ነውና። ዶክተር ሰይፉ መቻልን ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ቡችላው ተንገዳገደ፣ ሄዶ የእትዬ የሺን የቀሚስ ጠርዝ ነክሶ ጎተተ።

«ሆዱን አሳየኝ» አሉ እትዬ የሺ። ገለበጥኩት። የደረቀ ቁስል አለ፤ እብጠት ግን የለም።

«ልጄ የምታከውስ?»

«እሷም ጋቢው ነው እትዬ። አይተላለፍም።»

እትዬ የሺ ጋቢው የማን እንደሆነ ያውቃሉ። አባባን አዩ። «ለምን አይነግሩኝም ነበር? ለሚጠመዘዝ ጋቢ ሰው ጠፋ?» አሉ። አባባ ቡችላውን ካፖርታቸው ውስጥ አስገቡ። እኔ መርፌውን ወደ ሣጥኑ መለስኩት።

አባባ እንዶዱን እንዲተዉ ማንም አልነገራቸውም፤ እኔ እንኳ ትእዛዝ መስጠት ለጊዜው ጠልቼ ነበር። ብቻ በጥር ሃያ ስድስት ጠዋት ሄጄ ጫፉን ያዝኩ፤ እጄ ላይ ውሃ የማያስገባ ጨርቅ ጠቅልዬ። አምስት ጊዜ አለቀለቅነው። ውሃው እንደገባ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ጠመዘዝነው። አባባ ሲያስተምሩ ገመድ ሠሪ ናቸው፤ «አትቸኩል፣ ጋቢውን አዳምጠው» ይላሉ። መቻል ከጋቢው ሥር ተቀምጦ ጠብታ በአፉ ይይዛል። በሃያ ሰባት ሲነቃ ቆዳው ደህና ነበር። በየካቲትም ደህና፣ በመጋቢትም ደህና።

ከዚያ ወዲያ በየወሩ በሃያ ስድስት ጠዋት ጣቢያው ውስጥ አልገኝም ነበር። ዶክተር ሰይፉ ያውቃሉ፤ በመዝገቡ ላይ «መስክ» ብለው ይጽፉልኛል።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወርኩ። ያሳሰበኝ ደረጃዬ ወይም አዲሱ አለቃዬ አልነበረም። ጋቢው ነበር። ለጥቂት ወራት መምጣት አልቻልኩም። በመጨረሻ ፈቃድ አግኝቼ በአንድ ሃያ ስድስት ቀን ወደ ኮልፌ ተመለስኩ። ከበሩ ሳልገባ አነጠስኩ፤ ስለዚህ ቀኑን እንዳልተሳሳትኩ አወቅሁ።

አባባ ወልዴ አንዱን ጫፍ ይዘዋል። ሌላውን ጫፍ እትዬ የሺ ይዘዋል። መቻል ጎርምሶ፣ ጥጃ አክሎ፣ ከሥር ተቀምጧል። ጥጃ ስል የምር ነው፤ በተወለደችበት ዕለት ያለች ትንሽ ጥጃ።

«እስካሁን ምን ስትሠራ ነበር የከረምከው?» አሉኝ እትዬ የሺ። «ግማሹን ውሃ እኮ ትተህበት ነው የነበርከው።»

አባባ አልተከላከሉልኝም። «ቸኩሎ ነው» አሉ። «በቅሎም የረገጠችው ለዚያ ነው።»

ዶክተር ሰይፉ ከዚያ ገና በኋላ በመዝገቡ ላይ በማስመሪያና በእርሳስ አንድ ስድስተኛ ዓምድ ጨምረው ነበር፤ «የሚተኛበት» ይላል። በሄድኩባቸው ጣቢያዎች ሁሉ ይህን ዓምድ አስምሬያለሁ። አንዳንድ አለቆች ስቀውብኛል።

ቆዳው ምክንያቱ ሳይታወቅ ያበጠ እንስሳ ሲመጣላችሁ፣ መድኃኒት ከማዘዛችሁ በፊት የሚተኛበትን ጨርቅ አስመጡ። ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ከባለቤቱ ጋር ጫፍና ጫፍ ይዛችሁ ጠምዝዙት፤ የሚወጣውን እዩ።